«ለምን ይመለሳሉ?»

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። አክስቴ ያን ጊዜ 68 ዓመታቸው ነበር። ሜሪላንድ የምትኖረው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች፤ እናቷ መጥተው እንዲያርሷት ትፈልጋለች። ስለዚህ ቤተሰቡ ተሰበሰበና አክስቴን ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ማሠልጠን ጀመረ።

«ማሠልጠን» ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንዱ የወንድማቸው ልጅ ቆንሲል ሆኖ ሶፋ ላይ ይቀመጣል፤ አክስቴ ፊቱ ይቆማሉ።

«ለምንድን ነው የሚሄዱት?»

«ልጄን ላርስ።»

«ተሳሳቱ እትዬ! ማረስ ሥራ ነው ይሉዎታል። ‘ልጠይቃት ነው’ ይበሉ። ስንት ጊዜ ይቆያሉ?»

«ሴት ናት ብለውኛል። እንግዲህ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ፣ ትንሽ ጠና ስትል…»

«ኧረ እትዬ! ‘ሦስት ሳምንት’ ይበሉ!»

በዚሁ መሐል የባንክ ደብተራቸው ድንገት ወፈረ። ከዘመድ አዝማድ የተዋጣ የውሰት ብር ገባበት፤ የእኔም አለበት። አክስቴ ደብተሩን ገልጠው አዩና «ይኼን ሁሉ ከየት አመጣሽው ቢሉኝስ ምን እላለሁ?» አሉ። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም።

ቀኑ ደረሰና መስኮቱ ጋ ሲቆሙ ያ ሁሉ ሥልጠና ብን ብሎ ጠፋ። እሳቸው እንዳጫወቱኝ ነው የምነግራችሁ። ጠያቂው በአስተርጓሚ «እዚያው ቢቀሩስ? ለምን ይመለሳሉ?» ሲላቸው፣ አክስቴ ገርሟቸው «የምን መቅረት ነው! ለኅዳር ጽዮን ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። እድሬስ? ቤቴስ ለማን ይተዋል?» አሉ። ቪዛው ተፈቀደላቸው። እውነት ስለተናገሩ ነው ብዬ ግብረገብ ላስተምራችሁ አልነሣም። እውነቱን ተናግረው ፓስፖርታቸውን ይዘው የተመለሱ ስንት እናቶች አሉ። እኔን የከነከነኝ ጥያቄው ነው።

ጥያቄው ከአንድ ሰው ክፋት የመጣ አይደለም፤ ከሕግ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ፣ አንቀጽ 214(ለ) ላይ፣ ለጉብኝት የሚያመለክት ሰው ቆንሲሉን እስኪያሳምን ድረስ «ሊቀር የሚሄድ» ነው ተብሎ እንዲገመት ያዛል። የተከሰሰ ሰው እንኳ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው ይባላል። የልጅ ልጇን ልታይ የምትሄድ እናት ግን ተፈርዶባት ትጀምራለች፤ ማስተባበሉ የሷ ዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ 185 ዶላር የሆነው ማመልከቻ ክፍያም ቢፈቀድም ባይፈቀድም አይመለስም።

ይህን ሕግ ስረግም ከርሜ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ። የማመልከቻውን ፎርም የሞላሁላቸው እኔ ነኝ። ፎርሙ ላይ «የማኅበራዊ ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት አባል ነዎት? አስተዋጽኦ አድርገው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። እኔም ሳልጠይቃቸው «የለም» የሚለውን ተጭኜ አልፌ ነበር። የሠላሳ ዓመት እድርተኛዋን! ልቅሶ ቤት ድንኳን ሳይተከል ቀድመው የሚደርሱትን፣ የሰፈሩን አራስ ሁሉ ገንፎ አገንፍተው ያበሉትን ሴትዮ «የለም» ብዬ ሞላሁ። ሕጉ ስለ ሳቸው የገመተውንና እኔ የገመትኩትን ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ልዩነት አጣሁበት። ሁለታችንም «እዚህ የሚያስመልሳቸው ኑሮ የላቸውም» ብለን ነው የተነሣነው።

ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። እናት አሜሪካ ሄደች ሲባል «እሰይ፣ አረፈች!» እንላለን። ማረፏን ግን ማን አየ? ነገሩን በስሙ እንጥራው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ለወላድ የሚሰጣት 12 ሳምንት ነው፤ እሱም ያለ ደመወዝ፣ እሱም መሥሪያ ቤቷ ሕጉ የሚያካትተው ከሆነ ነው። የኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ልጂቱ 12 ሳምንቱ ሲያልቅ ሥራ መግባት አለባት፤ ሕፃን መዋያ ደግሞ በወር ከሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ያንን ቀዳዳ የምትደፍነው ከአዲስ አበባ በርበሬና አጥሚት ተሸክማ የመጣችው እናት ናት። የልጅ ልጅን ማቀፍ ደስታ ነው። ቋንቋ በማታውቅበት፣ መኪና በማትነዳበት ሰፈር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በር ዘግታ ሕፃን ስትጠብቅ መዋል ግን ሥራ ነው። ቪዛው ደግሞ ሥራ አይፈቅድም። እኛ «ልጠይቅ ነው በይ» እያልን ያሠለጠንናት ቆንሲሉን ብቻ ለማታለል አልነበረም፤ ራሳችንንም ነበር።

ከዚያ የቀን ቆጠራው ይመጣል። ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን እስከ መቼ መግባት እንደሚቻል ነው የሚናገረው፤ የቆይታውን ልክ የሚወስነው አውሮፕላን ማረፊያ ያለው መኮንን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል። ከዚያ በላይ ለመቆየት ጊዜው ሳያልፍ ማራዘሚያ ማመልከት ያስፈልጋል። ሳያራዝም ከ180 ቀን በላይ አሳልፎ የወጣ ሰው ሦስት ዓመት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ ያሳለፈ ደግሞ አሥር ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል። ልጆች «ትንሽ ብትቆዪ ምን ይላል?» ሲሉ ይህን የሚያስቡት ስንቶቹ ናቸው?

የካናዳ ሕግ ቢያንስ አያት ቶሎ እንደማትጠገብ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ «ሱፐር ቪዛ» የሚባል ለወላጆችና ለአያቶች አወጣ። በአንድ መግቢያ ሁለት ዓመት ያስቆይ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት ያስቆያል። ነገር ግን የልጁን ገቢ ይመዝናል፤ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የጤና መድንም ይጠይቃል። ደመወዙ ያነሰ ልጅ እናቱ አትናፍቀውም ማለት ነው?

አሜሪካ ደግሞ በተቃራኒው ሄደች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የጉብኝት ቪዛ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ አደረገችው። እስቲ አስቡት፤ ከአሁን በኋላ ብትወጣ መመለሷ እንደገና ክፍያ፣ እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ያ መስኮት ከሆነ፣ ልጅ እናቱን «አንዴ ከገባሽ አትውጪ» ቢላት ይፈረድበታል? መመላለስ የምትችል እናት ትመለሳለች። በሩ የሚዘጋባት ናት የምትቀረው።

አክስቴን ወዳቆምኳቸው ልመለስ። የሄዱት ግንቦት ላይ ነበር። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ጥቅምት ሲገባ ልጃቸው «እማዬ፣ ማራዘሚያ እናስገባልሽ፤ እዚያ ሄደሽ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻቸው። ማታውኑ ደወሉልኝ። እኔ አማልደኝ ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ለጠላው ጌሾ ግዛልኝ፤ ኋላ ይወደዳል» አሉኝ።

ለኅዳር ጽዮን ቤታቸው ሞልቶ ነበር። ሰዉ ከወጣ በኋላ «እትዬ፣ ልጅቷ አላሳዘነችዎትም?» አልኳቸው። ዝም ብለው ብርጭቆ ሲሰበስቡ ቆዩና፣ «አሳዝናኛለች እንጂ፤ ሌሊት ሌሊት የሕፃኗ ድምፅ ይሰማኛል። ግን አንዳችሁም ‘ምን ትፈልጊያለሽ’ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም። የጠየቀኝ ያ መስኮት ውስጥ ያለው ሰው ብቻ ነው» አሉኝ።

ሰውየው የጠየቃቸው ተጠራጥሮ ነው። እኛ ወድደናቸው ልንጠይቃቸው ይገባን ነበር።