ከ6 እጅ 5ቱ

ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋው ድሪ የባቲ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ የሰንበቴ ደግሞ በዋዜማው፣ እሑድ። አፋሩ ከቆላ፣ ኦሮሞው ከጨፋ ሜዳ፣ አማራውና አርጎባው ከዳገቱ ወርደው የሚገናኙባቸው ገበያዎች ናቸው። የሸጡልኝ እናት መሬት ላይ ባነጠፉት ነጠላ ላይ ዘርግተውት ነበር። በመዳፌ ከፍ ዝቅ አድርጌ መዘንኩትና ገዛሁት። ቆጥሬ ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፦ 2 ጠገራ ብር፣ 1 የክታብ ቤት፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ 40 ዶቃ።

ከጠገራው ልጀምር፤ የብር ሥራው ጥሬ ዕቃ እሱ ነበርና። ጠገራው ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ገዢ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው። ብሯ ግን ከዚያ ወዲህም ሲመታ ኖረ፤ ቀኑም ሁልጊዜ ያው 1780 ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከ6 እጅ 5ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ። ጠርዙን ዙሪያውን በላቲን «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ጽሑፍ ይዞረዋል። ጽሑፉ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ከጠርዙ ብር የፋቀ ሰው ፊደሉን አብሮ ይፍቃልና ይታወቅበታል። የእኛም ነጋዴ የራሱ መፈተኛ ነበረው፤ የሴትዮዋ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች አንድ በአንድ ጎልተው ካልታዩት ብሩን አይቀበልም ነበር።

አንጥረኛው እጅ ሲገባ ይህ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ማዕድን ነው። የሚዛን ድንጋይም ነው፤ የወርቅ ወቄት የሚመዘነው በአንድ ጠገራ ክብደት ነበር። ያን ያህል ንጹሕ ወርቅ ቢደበለበል ከአንዲት የስኳር ኩብ ያንሳል።

ብሩ በሸክላ ማቅለጫ ሆኖ ከሰል ላይ ይቀመጣል፣ ወናፉ ይነፋል። ንጹሕ ብር 962 ዲግሪ ይፈልጋል፤ መዳብ የገባበት ከዚያ ቀደም ብሎ ይረታል። ቦይ ላይ ይፈስና ዘንግ ይሆናል። ዘንጉ መስፍ ላይ ይቀጠቀጣል። ብር በተመታ ቁጥር ይደነድናል፤ ዝም ብለው ቢመቱት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይመታል። ሽቦ ሲፈለግ ጫፉ በሞረድ ይሾልና ቀዳዳዎቹ እያነሱ በሚሄዱበት የብረት ሳንቃ ውስጥ በጉጠት ይሳባል። ከሰፊው ቀዳዳ ወደ ጠባቡ፣ በየመሃሉ እሳት።

የክታብ ቤቱን ጎን አጉልቶ በሚያሳይ መስተዋት ካላዩት ሥራው አይገባም። ሁለት ቀጭን ሽቦ ተጠማዞ ተዳምጧል። አጠገቡ ያለው ጥንድ ግን በተቃራኒው ነው የተጠመዘዘው። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የዞሩ ጥንዶች ጎን ለጎን ሲገጠሙ ሹሩባ ይሆናሉ። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ አንጥረኛው ሽቦውን አላጠፈም፤ ቆርጦ፣ ጫፎቹን አሹሎ ገጥሟል። መጋጠሚያው በጥፍር አይያዝም።

ዶቃዎቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ግማሽ ናቸው። ክብ ዝርግ ብር ጎድጓዳ ቅርጽ ላይ ይቀመጥና በድቡልቡል ዘነዘና እየተመታ ጽዋ ይሆናል። ሁለት ጽዋ አፍ ለአፍ ይበየዳል። ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ መበሳት ያለበት ግን ከብየዳው በፊት ነው። ቀዳዳ የሌለው ባዶ ነገር እሳት ላይ ሲወጣ ውስጡ የታመቀው አየር ይበታትነዋል።

መጋጠሚያውን 12 ጥቃቅን ፍሬዎች ከበውታል። ፍሬ አይቀረጽም። ሽቦ እኩል እኩል ይቆረጥና ቁራጮቹ ከሰል ላይ ሲቀልጡ ራሳቸው ይድበለበላሉ። ችሎታው ያለው መቁረጡ ላይ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ከረዘመ አንዱ ፍሬ ይወፍራል። ከዚያ በወረንጦ እየተነሱ፣ በቦራክስ ተይዘው ይደረደራሉ። መበየጃው ብር ሆኖ ሌላ ማዕድን የተጨመረበት ነው፤ ቀድሞ መቅለጥ አለበትና። ሲበዛ በፍሬዎቹ መካከል ይሞላና ረድፉን ገንፎ ያደርገዋል። እኔ የብር ሥራን የምመዝነው በዚህች ክፍተት ነው። በዚህ ድሪ 480 ፍሬ አለ፤ በየመካከላቸው ጥላ ይታያል።

ድሪውን ከሚሴ ለአንድ አዛውንት አንጥረኛ ወስጄ፣ አንዱን ዶቃ በንጹሕ ወርቅ ይሠሩልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳቁ።

«24 ካራት? ልጄ፣ አንገትህ ላይ ሳለ ይጎደጉድብሃል።»

ቀጥለው የተናገሩት ግን የጠበቅሁት አልነበረም። ለሠሪው ከንጹሕ ወርቅ የሚመች የለም አሉ። መዳብ የያዘ ብር እሳት ባየ ቁጥር ይጠቁራል፤ በሎሚና በጨው እየታጠበ ይነጣል። ወርቅ አይጠቁርም፣ መዶሻውንም አይታገልም። ፍሬዎቹንም ያለ መበየጃ መያዝ ይቻላል፤ ይህን እንኳ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የመዳብ ውሁድ ከሙጫ ጋር ይቀባል፣ እሳቱ ሙጫውን ያከስለዋል፣ የወጣው መዳብ ከወርቁ ጋር ሲዋሐድ መገናኛዋ ነጥብ ብቻ ከ1064 ዲግሪ በታች ትቀልጣለች። የጥንት ኢጣሊያ አንጥረኞች ፍሬ የያዙበት ጥበብ ለዘመናት ከተረሳ በኋላ፣ ሊትልዴል የተባለ እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 በዚህ መንገድ መልሶታል። አዛውንቱ «እንዲያ ከሆነ ጥላው አይጠፋም» ብለው ዝም አሉ።

የንጹሕ ወርቅ ችግሩ ለስላሳነቱ ነው፤ እሱም የሚታየው ከሠሪው እጅ ከወጣ በኋላ ነው። ለዚህ ነው 21 ካራቱ ከ8 እጅ 7ቱ፣ 18ቱ ከ4 እጅ 3ቱ ብቻ ወርቅ የሚሆነው።

ከዚያ ድሪውን እንደ መቁጠሪያ በጣታቸው ያሳልፉ ጀመር። አንዱ ዶቃ ላይ ቆሙ። በአውራ ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙረው ውስጡን አዩ። ነሐስ ነው፤ ላዩን ብር የተቀባ። እኔ ደጋግሜ ቆጥሬ አላወቅሁትም። ሊያወጡት ነው ብዬ ስጠብቅ ከጎኑ ካለው ዶቃ ጋር አስጠጉት። 12 ፍሬ። ያው ወርድ፣ ያው መጋጠሚያ። በፍሬዎቹ መካከል ያችው ጥላ።

«ያው እጅ ነው» አሉና መለሱልኝ።