የማን ወተት? በቶኒ ሞሪሰን «ቢለቭድ» ውስጥ ስለ እናትነትና ስለ ጎረቤት ኃላፊነት

የቶኒ ሞሪሰንን «ቢለቭድ» (እ.ኤ.አ. 1987) ለተማሪዎቼ ባቀረብኩ ቁጥር ውይይቱ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይታጠር ነበር። ሴተ የገዛ ልጇን የገደለች እናት ናትና ትኮነን ወይስ ይታዘንላት? እኔም ብዙ ጊዜ መጽሐፉን የኃጢአትና የይቅርታ ታሪክ አድርጌ ሳስተምር ቆይቻለሁ። አንድ ቀን ግን አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር እጇን አውጥታ «ጎረቤቶቿስ የት ነበሩ?» ስትል ጠየቀችኝ። በጊዜው የሰጠኋት መልስ ራሴንም አላረካኝም። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን መልስ ለማረም የሚደረግ ሙከራ ነው።

ልብ ወለዱ መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1856 ማርጋሬት ጋርነር የተባለች ባሪያ ከኬንተኪ ሸሽታ፣ በረዶ የሠራውን የኦሃዮ ወንዝ ተሻግራ ሲንሲናቲ ከገባች በኋላ፣ አሳዳጆቿ ሲደርሱባት ሴት ልጇን ገደለች። ከጎኗ የቆሙ ሰዎች በነፍስ ግድያ እንድትከሰስ ተከራከሩላት። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ምክንያት ነበረው፤ በግድያ ብትከሰስ በነጻው ግዛት ፍርድ ቤት እንደ ሰው፣ ለልጇም እንደ እናት በቆመች ነበር። ሆኖም በ1850 የወጣው የሸሹ ባሮች ሕግ አየለና እንደ ንብረት ለጌታዋ ተመለሰች። ከዚያ አስቀድሞ በ1662 የቨርጂኒያ ሕግ የልጅ ነጻነት ወይም ባርነት በእናቱ ሁኔታ እንዲወሰን ደንግጎ ነበር። የባሪያዋ ማሕፀን ለጌታው ሀብት የሚያፈራ እርሻ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ዓለም «ጥሩ እናት ናት ወይ?» ከማለት በፊት «ልጁ የማን ነው?» ማለት ይቀድማል።

ሞሪሰን ይህን የሕግ ጥያቄ በወተት አማካይነት ወደ ሥጋ ታወርደዋለች። ሴተ በሕፃንነቷ በአብዛኛው የጠባችው ከእናቷ ሳይሆን ናን ከተባለች አጥቢ ነው፤ ያውም ከነጭ ልጆች የተረፈውን። አድጋ ራሷ ስትወልድ የጌታዋ ዘመዶች ይዘው ወተቷን በግፍ ይወስዱባታል። በኋላ ይህን ለፖል ዲ ስትነግረው እርሱ የሚደነግጠው በእርግዝናዋ ወቅት ስለተገረፈችው ግርፋት ነው፤ እርሷ ግን ደጋግማ የምታነሳው ወተቷን ነው። ቀደም ሲል ይህን ቦታ የሁለት ሰዎች አለመግባባት ብቻ አድርጌ አነበው ነበር። አሁን ስመለከተው የመጽሐፉ ሚዛን እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ግርፋቱ በእርሷ ላይ የተፈጸመ በደል ነው፤ የወተቱ ዝርፊያ ግን ለልጇ ልትሰጥ የምትችለውን ብቸኛ ነገር የነጠቀ ነው።

ሦስተኛው ወተት የኤላ ነው። ኤላ በወጣትነቷ በአባትና በልጅ ቤት ታግታ ከተደፈረች በኋላ የወለደችውን ሕፃን አላጠባም ብላ፣ ሕፃኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቷል። ሴተን አጥብቃ የኮነነችው ይህችው ሴት ናት፤ በመጨረሻም ሠላሳ ሴቶችን አስከትላ ወደ ሴተ ደጅ የምትመጣው እርሷው ናት። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ደራሲዋ ፍርድንም ምሕረትንም የሰጠችው ንጹሕ ለሆነ ሰው ሳይሆን የእናትነትን መክፈል የማይቻል ዋጋ በራሷ ላይ ላየች ሴት ነው።

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ ልመለስ። ከግድያው በፊት በነበረው ቀን ቤቢ ሰግዝ ዘጠና ሰው የበላበት ድግስ ደግሳ ነበር። ጎረቤቶቿ በሉ፤ ሲያበቁም በልግስናዋ ቀኑ። በማግስቱ አሳዳጆቹ ሲመጡ ሮጦ የነገራት ሰው አልነበረም። በጫካው ውስጥ ሕዝቡን ሰብስባ እጃችሁን፣ አንገታችሁን፣ ልባችሁን ውደዱ እያለች የምታስተምረው ይህች አሮጊት ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ወደቀች። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ከባድ ክስ ይህ ነው፤ መጋዙን ያነሳችው ሴተ ብትሆንም ዝምታው የመንደሩ ነው።

ፓትሪሻ ሂል ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጥናት ከወላጅ እናት ጎን ሆነው ልጆችን የሚያሳድጉ ሴቶች ለጥቁር አሜሪካውያን ኅብረተሰብ ያላቸውን ቦታ ተንትናለች። ቃሉን በአማርኛ «ሌላ እናት» ብንለው የእንጀራ እናት ይመስላል፤ «የጡት ልጅ» ከሚለው ልማዳችን ጋር ብናገናኘው ደግሞ ባርነትና የቀን ሥራ የፈጠሩትን ግዳጅ እናጠፋለን። ኮሊንስ ራሷ ሁሉን ቻይ የሆነችውን ጥቁር እናት ማወደስ ሸክሟን መደበቂያ እንዳይሆን ታስጠነቅቃለች። ማስጠንቀቂያው ለእኛም ይሠራል፤ እናትን በምስጋና አብዝተን ስናነሣ፣ የሚረዳት ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ማለፍ ልማዳችን ነውና።

የልብ ወለዱ መድኃኒት ግን ውስን መሆኑን መደበቅ አይገባም። ሴቶቹ የመጡት ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ ዝማሬያቸው ሴተን ቢያድናትም ሕጉን አልነካም። ይህን ክፍተት የሞሉት ከመጽሐፉ ውጭ ያሉ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአትላንታ ስፔልማን ኮሌጅ ስለ ጥቁር ሴቶች ጤና አገር አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። በ1994 ደግሞ በቺካጎ የተሰበሰቡ ጥቁር ሴቶች የመውለድን፣ ያለመውለድንና የወለዱትን በሰላም የማሳደግን መብት በአንድ የፍትሕ ጥያቄ አሰሩት። ጥያቄው ዛሬም አላረጀም፤ በ2021 በአሜሪካ ከ100,000 ወሊድ በጥቁር እናቶች ላይ የደረሰው ሞት 69.9 ሲሆን በነጮቹ ላይ 26.6 ነበር።

በእነዚህ ቁጥሮች ፊት «ቢለቭድ»ን የአንዲት እብድ እናት ታሪክ አድርጎ ማንበብ ከባድ ነው። ዛሬ መጽሐፉን ሳስተምር ውይይቱን የምጀምረው በዚያች ተማሪ ጥያቄ ነው፤ የሴተ ጥፋት የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።