ዘጠኙ የአኪታ ልጆች

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018፣ በ100ኛው የጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቤዝቦል ሻምፒዮና፣ በኮሺየን ስታዲየም የተመልካቹን ልብ የወሰደው ከአኪታ የመጣው የካናአሺ ግብርና ትምህርት ቤት ነበር። ታዋቂዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ከየክፍለ ሀገሩ ተጫዋች ይለቅማሉ፤ እነዚህ ግን የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። በሩብ ፍጻሜው 2 ለ 1 እየተመሩ፣ በመጨረሻው ዙር ኳሷን በዱላቸው ለስለስ አድርገው ነካ በማድረግ ሁለት ሯጮች በአንዴ አስገቡና ተጋጣሚያቸውን የኦሚ ትምህርት ቤትን 3 ለ 2 አሰናበቱት። ወርዋሪያቸው ዮሺዳ ኮሴይ በውድድሩ 881 ኳስ ወርውሯል። በፍጻሜው የኦሳካ ቶይን ትምህርት ቤት 13 ለ 2 ረታቸው፤ የጸደዩንና የበጋውን ዋንጫ በአንድ ዓመት ጠቅልሎ ሲወስድም ይህ ሁለተኛው ነበር። ዋንጫው ለሚገባው ሄዷል። አድናቆቴ ግን እስከ ግማሽ ፍጻሜው አንድም ተቀያሪ ሳያስገቡ ለዘለቁት ለዘጠኙ ልጆች ነው።