መርጡለ ማርያም፦ ጥርቡ ከግንቡ የበለጠበት ሕንጻ

በምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር የቆመው የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ የአንድ እጅ ሥራ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው፤ የሐድያ ተወላጅ፣ ለልጁ ንጉሥ ልብነ ድንግል እንደራሴ የነበሩ፣ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩ ሴት። በግራኝ ጦርነት ጠፋ። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ በሆኑበት ዘመን፣ በ1620ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ኢጣሊያዊው ኢየሱሳዊ ብሩኖ ብሩኒ መልሶ አነጸው። ንጉሡ በ1632 የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ሲመልሱ የካቶሊክነቱ ዕድሜ በአጭሩ ተቀጨ።

የሕንጻው ታላቅነት በጥርቡ ላይ ነው። ጽጌረዳ መሰል አበባ፣ ሐረግና ጉንጉን ረድፍ ይዘው በድንጋዩ ላይ ይሮጣሉ። ጠራቢው ቅርጹን እየደጋገመ አያሰለችም፤ የመሮው ጠርዝ ስለታም በመሆኑ ፀሐይ በሰያፍ ስትመታው እያንዳንዱ ቅጠል የራሱን ጥላ ይጥላል። በብራና ላይ ሐረግ የሚስል ሰው ይህን ምት ወዲያው ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1847 ስለ ፍርስራሹ ሰፊ መግለጫ ማሳተሙ አያስደንቅም።

በአወቃቀሩ ግን እንዲህ ለማድነቅ እቸገራለሁ። ረጅም አራት ማዕዘን መሆኑ ነውር የለውም፤ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የባዚሊካ ቅርጽ የእኛም ነው፣ ደብረ ዳሞን ያየ ይመሰክራል። በክብ ቤተ ክርስቲያን ያደገው ጎጃሜ ቅኔ ማኅሌቱ መቅደሱን የሚዞርበትን ሥርዓት ቢናፍቅ አይፈረድበትም፤ ችግሩ ግን ሌላ ነው። ጌጡ የግንቡን ሥራ አይናገርም፦ ክብደት የት እንደሚያርፍ፣ ቅስት የት እንደሚጀምር ከማሳየት ይልቅ እንደ ጥልፍ ጥለት ፊቱን ያለብሳል።

ጥርቡ የእሌኒ ዘመን ነው ወይስ የኢየሱሳውያን የሚለው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም። ሁሉን ለፖርቱጋሎች መስጠት ልማድ ሆኗል፤ ላሊበላን ከአለት ያወጣ አገር ጠራቢ አጣ ማለት ግን ይከብዳል።

በዚያው በሱስንዮስ ዘመን ከታነጸው ከጎርጎራው ማርያም ግንብ ጋር ሲነጻጸር ብያኔው ይጠራል። ጎርጎራ ላይ ጌጡ ለዓምዱና ለቅስቱ ይታዘዛል፤ በሥነ ሕንጻነት የሚመረጠው እሱ ነው። በድንጋይ ጠረባ ግን መርጡለ ማርያም ይበልጣል፣ ያውም በሰፊ ርቀት።