ከኋላ የሚቆጠር ቃል

ተማሪዎቼ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥማቸው ከመጀመሪያው ተነስተው እኩል እኩል እየረገጡ ያነቡታል። አይፈረድባቸውም። ፊደላችን ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ከሳድሱ በቀር እያንዳንዱ ሆሄ ድርሻውን ሳይቀማ ይነበባል። እንግሊዝኛ ግን ገጣሚዎቻችን ቀለም ከሚሏቸው የድምፅ ክፍሎች አንዱን ያጎላና የቀሩትን ይውጣቸዋል። የሚጎላው የትኛው እንደሆነ ጽሕፈቱ አይናገርም። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ «ገና» ተብሎ ሲጻፍ «ና» ጠብቃ በዓሉ ትሁን ላልታ ሌላው፣ የሚለየው አንባቢው ነው። «ሪከርድ»ም ስም ሲሆን ስትረሱ፣ ማለትም ማጉላቱ፣ ፊት ላይ፣ ግስ ሲሆን ኋላ ላይ ያርፋል።

ለረጅም ቃል የማምነው ዘዴ ከኋላ መቁጠር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቦታውን የሚወስነው ቅጥያው ነውና። በ«ሽን» ሲያልቅ ከቅጥያው በፊት ያለችው ቀለም ትጎላለች፦ ኮሚዩኒኬሽን፣ «ኬ» ላይ። በ«ኢክ» ሲያልቅም እንዲሁ፤ ኢኮኖሚክ «ኖ» ላይ ነው። በ«ኢቲ» የሚያልቀው ሪስፖንሲቢሊቲ ስድስት ቀለም አለው፣ አራተኛዋ «ቢ» ትጎላለች። ደንቡን የሚያፈርሱም አሉ፤ ካቶሊክና ፖለቲክስ ሁለቱም መጀመሪያቸው ላይ ይጎላሉ። እነዚህን በቃል ማጥናት ነው እንጂ ሌላ መላ የላቸውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ማጉላቱ ሳይሆን ማድከሙ ነው። «ስትረስ አድርግ» ሲባል ተማሪው ይጮኻል፤ የቀሩትን ቀለሞች ግን እንደነበሩ ሙሉ ሙሉ ይላቸዋል። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ በፊደላችን እጽፍላቸዋለሁ። ፎቶግራፍ ሲሆን «ፎ» ትጎላለች። ፎቶግራፊ ሲሆን ግን «ቶ» ጎልታ «ፎ» ትደክማለች፤ ቃሉ «ፈቶግረፊ» ይሆናል። ግዕዙ «ፈ» ለዚያ ለደከመው የእንግሊዝኛ አናባቢ በጣም ይቀርባል። ፎቶግራፊክ ላይ ደግሞ ጉልበቱ ወደ «ግራ» ይሄዳል። አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት የተለያየ ስትረስ።

መዝገበ ቃላት ስትገልጡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በቃሉ መሃል የሚታዩት ነጥቦች መስመር ሲሞላ ቃሉ የሚቆረጥበትን ያሳያሉ እንጂ ሁልጊዜ አነጋገሩን አይከተሉም። የስትረስ ምልክቷም በዛሬዎቹ የእንግሊዝ መዝገበ ቃላት ከምትጎላው ቀለም ፊት ትቀመጣለች፤ በብዙ የቆዩ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ደግሞ ከኋላዋ። ይህን ያልተነገረው ተማሪ ጎረቤቷን ያጎላል።

መምህራን ሆይ፣ አዲስ ቃል ስታስጽፉ ከትርጉሙ ጋር የምትጎላዋን ቀለም ያኔውኑ አስምሩላቸው።