ስለ ኮድ ገጾች መቅድም

ፕሮግራመር የጻፈውን ኮድ ለሌላ ሰው ለማሳየት በፈለገ ጊዜ፣ ፋይሉን እንዳለ ከመላክ ይልቅ በጽሑፍ አርታዒው አማካይነት ወደ ድረ ገጽ ለውጦ ማውጣት በሙያችን የቆየ ልማድ ነው። ብራም ሙለናር እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣውና እስከ ዛሬ በምንገለገልበት በቪም «ቱኤችቲኤምኤል» የተባለው ትእዛዝ፣ በኢማክስ ዘንድ ደግሞ «ኤችቲኤምላይዝ» የተባለው ፕሮግራም፣ የቋንቋውን ቁልፍ ቃላት በአንድ ኅብር፣ ማብራሪያውን በሌላ፣ በጥቅስ ውስጥ ያለውንም በሌላ እየለዩ፣ በስክሪኑ የሚታየውን መልክ ወደ ገጹ ያሸጋግሩታል።

ይሁን እንጂ አካሉ ይህን ያህል ያጌጠው ገጽ፣ ላይ ላዩን ትተን የተሠራበትን ጽሑፍ ከፍተን «ሄድ» የተባለውን ክፍል ስንመረምር፣ ስለ ራሱ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ሆኖ ይገኛል። ቪም የራሱን ስምና የእትሙን ቍጥር ይጽፋል፤ ኮዱ በየትኛው ቋንቋ ሕግ እንደ ተቀለመ፣ የቀለሙ ሥርዓት ማን እንደ ተባለ፣ ገጹ ሲወጣ የትኞቹ ምርጫዎች እንደ ነበሩ ይመዘግባል። ይህ ሁሉ የመሣሪያው ታሪክ ነው፤ ኮዱን ማን እንደ ጻፈው፣ ለምን ግብር እንደ ታሰበ፣ በምን ፈቃድ ለሌላው እንደ ተሰጠ የሚገልጽ ቃል ግን አንድም የለበትም። የባሰው ርእሱ ነው፤ አርታዒው ሌላ የሚያውቀው ስም ስለሌለው ፋይሉ የተቀመጠበትን መንገድ ከነፎልደሮቹ ርእስ አድርጎ ያሰፍረዋልና፣ ባለሙያው ፎልደሩን በደንበኛው ስም ሰይሞት እንደ ሆነ ያ ስም ገጹን ለከፈተ ሁሉ የአደባባይ ነገር ይሆናል።

የብራና ጸሐፍት ጥቁሩን ከቀዩ እያፈራረቁ፣ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም እየለዩ ሲጽፉ ኖረዋል፤ በዚህ ብቻ ግን አላበቁም፤ በመጽሐፉ ፍጻሜ የጸሐፊውንና ያስጻፈውን ሰው ስም፣ አንዳንዴም የነገሥታቱን ዘመን ሲያሰፍሩ እናገኛቸዋለን። የዛሬው አርታዒ ከሁለቱ የወረሰው ቀዩን ቀለም ብቻ ነው።

እንግዲህ የጎደለውን ሜታዳታ የሚጨምረው ባለሙያው ራሱ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የወጣውን ገጽ ከፍተው በእጃቸው ይጽፉበታል፤ ኮዱ በማግስቱ ታርሞ ገጹ ዳግመኛ በወጣ ጊዜ ግን አዲሱ አሮጌውን ይተካዋልና ድካማቸው ከንቱ ይሆናል። በእኔ በኩል ሐሳቤ ቁርጥ ነው፦ መረጃው መጻፍ ያለበት ከምንጩ፣ ማለትም በኮዱ ፋይል መጀመሪያ ባለው ማብራሪያ ውስጥ ነው፤ ገጹ በወጣ ቍጥርም አንዲት አጭር ስክሪፕት ያን ማብራሪያ አንብባ ርእሱን ትተካለች፣ የደራሲውንና የመግለጫውን ታግም «ሄድ» ከሚዘጋበት ምልክት አስቀድማ ታስገባለች። ኤችቲኤምላይዝ ለተጨማሪ ታጎች የሚሆን ቦታ አስቀድሞ አሰናድቷል፤ የቪም ተጠቃሚ ግን ትእዛዙን ጠቅልሎ የሚጠራ ፈንክሽን ለራሱ ይጻፍ። የኢማክሱ ኦርግ ሞድ ከሁሉ ይሻላል፤ ርእስ፣ ደራሲና መግለጫ በጽሑፉ ራስጌ በተጻፉበት መስመር ሜታዳታ ሆነው ይወጣሉ።

ስክሪፕቷ በምትጻፍበት ጊዜ አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ብዙ ያስቸግራል። የመግለጫው ቃል በታጉ ውስጥ በሁለት የጥቅስ ምልክቶች መካከል የሚቀመጥ ስለሆነ፣ በማብራሪያው ውስጥ ተመሳሳይ የጥቅስ ምልክት ካለ ብራውዘሩ መግለጫው እዚያ ላይ እንዳለቀ ቈጥሮ የቀረውን ይበታትነዋል፤ ገጹ ግን በዓይን ሲታይ ምንም እንከን የለበትምና ጉዳቱ ሳይታወቅ ይኖራል። ስለዚህ ጥቅሱና የማዕዘን ቅንፉ በምትክ አጻጻፋቸው ይለወጡ፤ ምትክ ምልክቶቹ ሁሉ የሚጀምሩበት አምፐርሳንድ ግን ከሁሉ በፊት ይለወጥ፤ በኋላ ቢለወጥ አስቀድሞ የተስተካከለውን መልሶ ያበላሸዋል።

ማብራሪያውን በአማርኛ ለሚጽፍ ደግሞ የቅደም ተከተሉ ነገር ይከብዳል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ስፍራውን ካገኘ ወዲህ በኮድ ውስጥ በግዕዝ ፊደል መጻፍ አያስቸግርም፤ ነገር ግን የኤችቲኤምኤል ደንብ የፊደል አሰፋፈሩ አዋጅ በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ እንዲገኝ ያዛል። በዩቲኤፍ-8 አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳልና፣ ከአዋጁ በፊት የገባ የአማርኛ መግለጫ 340 ያህል ፊደላት ብቻ እንደ ጨረሰ ስፍራው ያልቃል። አዋጁ ይቅደም፣ ሐተታው ይከተል። ገጹ አማርኛ መሆኑን የሚናገረውም ምልክት አይዘንጋ፤ ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ቋንቋውን የሚለየው በእርሱ ነው።

የገጹን ቁልፍ ቃላት ለመፈለጊያ ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን ታግ በተመለከተ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ጉግል ለድረ ገጾች ደረጃ ሲሰጥ እንደማይመለከተው እ.ኤ.አ. በ2009 በግልጥ አሳውቋል።

ወዳጄ ሆይ፣ ገጽህን ከማውጣትህ በፊት በብራውዘሩ የሚታየውን ውበት አትመን፤ የገጹን ጽሑፍ ከፍተህ ርእሱን፣ ደራሲውንና መግለጫውን በዓይንህ አንብብ፤ የፎልደርህ ስም በርእሱ ላይ ከቀረም ገጹን በእጅህ አትደልዘው፤ ስክሪፕቷን አርመህ እንደገና አውጣው።