እጅ ያልነካው እውቀት

ልጆቻችሁን ውዱእ እንዴት ታስተምራላችሁ? የሚታጠቡትን አካላት በቃል ቆጥራችሁ ትተዋቸዋላችሁን? አይደለም። ማንቆርቆሪያውን ውሃ ትሞላላችሁ፤ «እንዲህ» እያላችሁም ታሳያላችሁ። ልጁ እጁን ያረጥባል፣ ክርኑን ይረሳል፣ ይታረማል፣ ይደግማል፣ በመጨረሻም ይለምዳል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላትን ለሰሓቦቻቸው ያስተማሩት በተግባር እያሳዩ ነው። ይህን ጠንቅቀን እያወቅን፣ የብርሃንን፣ የውሃን፣ የእሳትንና የክብደትን ነገር ልጆቻችን በጠመኔ ተጽፎ ከማየት በቀር ሳይነኩት እንዲያልፉ ለምን ፈቀድን?

ጥያቄውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየም ተመርቆ ተከፍቷል። ሕንፃው ግዙፍ ነው፤ ጉልላት መሰል የትዕይንት አዳራሽ አለው፤ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ሌሎች አዳዲስ ቴክኖሎጂዎችም ያሳያል። መሠራቱ ያስመሰግናል። በዚያው ዓመት ጥር ወር ደግሞ ሌላ ዜና ሰማን። ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች ከተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ለዚህ ሙዚየሙ ተጠያቂ ነው አልልም። ነገር ግን ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «የሳይንስ ሙዚየም የተባለው ቤት ለማን ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱን በሌላ አገር ከሠሩት ሰዎች ታሪክ እንፈልግ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ «ኤክስፕሎራቶሪየም» የሚባል ሙዚየም ተከፈተ። መሥራቹ ፍራንክ ኦፐንሃይመር ይባላል፤ በአቶሚክ ቦምብ ሥራ ስሙ የታወቀው የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም ነው። እርሱም የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በፖለቲካ ሰበብ ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ወጣ። ኮሎራዶ ወርዶ ከብት አረባ፤ ኋላም በትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነ። ተማሪ የሚገባው ዕቃውን ሲፈታና ሲገጥም እንደሆነ ከዚያ ልምድ ይዞ ተነሣ። በሙዚየሙ ጎብኚው እንዲነካ፣ እንዲገፋ፣ እንዲያሽከረክር ይጋበዛል። ዕቃዎቹ የሚሠሩበት ወርክሾፕም ሰው ሁሉ እንዲያየው በግልጽ ተቀመጠ። አሠራራቸውን ሌሎች እንዲቀዱት በመጽሐፍ አሳተሙት። አስተውሉ! የቤቱ ክብር በጣሪያው አልነበረም፤ በወርክሾፑ ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሰም ከሺህ ዓመት በፊት መብራቶችንና ጨለማ ክፍልን ተጠቅሞ የብርሃንን ነገር መረመረ። የምናየው ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይናችን ሲገባ ነው ያለው በክርክር ብቻ ሳይሆን በሙከራ ጭምር ነበር። አል-ጀዘሪም እ.ኤ.አ. በ1206 በጻፈው መጽሐፍ የውሃ መሳቢያዎችንና ሰዓቶችን እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሚሠሩ ዘርዝሮ አስቀመጠ። እኛ ግን ስማቸውን እየጠራን እንኮራለን፤ የእጃቸውን ሥራ ለልጆቻችን አላወረስንም። ኩራት ብቻውን ውርስ አይሆንም።

አሁን ነገሩን በወለጋ፣ በጉቴ ሆነን እንየው። አዲስ አበባ ለጉቴ ልጅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሩቅ ነው። ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት በምዕራብ ኦሮሚያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገዱም ለብዙ ቤተሰብ አስፈሪ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ልጅ ዋና ከተማው ያለውን ጉልላት በቴሌቪዥን ቢያየው ምን ይጠቅመዋል? በቅርቡ ያለችው ነቀምቴ ናት፤ በነቀምቴም የሕዝቡን ታሪክና ባህል የሚያሳይ የወለጋ ሙዚየም አለ። የጥንት ቅርስ እንዳይነካ መጠበቁ ትክክል ነው። ግን ከቅርሱ አጠገብ፣ ዛሬ በተሠሩ ዕቃዎች የሚሞላ አንድ «ንኩ» የሚል ክፍል ቢኖርስ?

ምን ይቀመጥበታል ትሉ ይሆናል። እንዝርት ይቀመጥ፤ ከዘንጉ ጋር የታሰረው ክብ ክብደት ባይኖር ለምን ቶሎ እንደሚቆም ልጁ ራሱ አውልቆ ይሞክረው። የብረት ሠሪው ወናፍ ይቀመጥ፤ አየር ሲጨመር ከሰሉ ለምን እንደሚግም ይየው። የሸክላ እንስራና የፕላስቲክ ጀሪካን ጎን ለጎን ውሃ ተሞልተው ይቀመጡ፤ በእንስራው ግድግዳ እየሰረገ የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ የቀረው ውሃ መቀዝቀዙን በእጁ ይለየው። ይህ ሁሉ ከሰፈራችን የሚገኝ እንጂ ከውጭ በዶላር የሚገዛ አይደለም።

ትልቁ ቁም ነገር ግን ከዕቃው ያልፋል። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን ስንንቅ ኖረናል። የሠሩትን እየተጠቀምን ሠሪውን አራቅን። በዚህ ክፍል ቀጥቃጩ በወናፉ አጠገብ ቆሞ በአፋን ኦሮሞ ቢያስረዳ፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም የዋቄፈታውም ልጅ ከብቦት ቢጠይቀው፣ እጅ ክብሩን ያገኛል። ፈተና የጣለው ወጣትም፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናትም ያለ ውጤት ካርድ ይገባሉ። ለእኔ የሳይንስ ሙዚየም ለኅብረተሰቡ የሚያበረክተው ይህን ነው፤ የእውቀትን በር ከፈተና ውጭም ክፍት አድርጎ ማቆየት።

«በጀት የለም» የሚል አይጠፋም። ለአንድ ክፍል የሚያስፈልገው ከገንዘብ ይልቅ የተሰበረውን የሚጠግን ሰውና «አትንካ» ማለትን የሚተው መምህር ነው። ዕቃ በልጅ እጅ ይሰበራል፤ የሚጠግነው ከሌለ ክፍሉ በዓመቱ መጋዘን ይሆናል። ስለዚህ ከግዢው በፊት ጠጋኙ ይታሰብ።

ክፍሉ እስኪከፈት ግን ልጆቻችሁ አይጠብቁ። ፀሐይ ባለበት ቀን የአንዱን ክፍል በርና መስኮት ዘግታችሁ ፍጹም አጨልሙት። ወደ ደጅ በሚያሳየው መስኮት ላይ እርሳስ የምታሳልፍ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተዉ። ፊት ለፊቷ ነጭ ነጠላ ዘርጉ። ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ የደጁ ዛፍና የሚያልፈው ሰው ተገልብጠው ይታያሉ፤ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ከዛፉ አናት የመጣው በቀዳዳዋ አልፎ ወደ ታች ይወርዳልና። ልጁ «ለምን ተገለበጠ?» ሲል መልሱን ቶሎ አትንገሩት። ቀዳዳዋን ያስፋት፣ ያጥብባት፣ ነጠላውን ያቅርበው፣ ያርቀው። ወላሁ አዕለም።